ቤንዚን ላንድክሩዘራችሁን ወደ ናፍጣ ልታስቀይሩ ያሰባችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ሰላም ወገኖቼ። ባለፉት ሁለት ወራት ሦስት ሰው ደውሎ «አንተ እኮ አስቀይረሃል፣ እንዴት ነው?» ብሎኛል። አንዱ ከሞጣ፣ አንዱ ከደንበጫ፣ አንዱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ። ለሦስቱም የቀረበላቸው ነገር ለእኔ የቀረበልኝ ነው፣ ቃል በቃል። «ሞተር ከነገጠማው፣ በአንድ ዋጋ። አሮጌው ሞተር ለእኛ። በ10 ቀን መኪናህን ትወስዳለህ።» በስልክ ሦስት ጊዜ ከማወራው አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የጋራዡንም የደላላውንም ስም አልጠራም። ስማቸውን ብታውቁ እንኳ ነገ በሌላ ስም ይመጣሉ።

መኪናዬ ላንድክሩዘር 60 ናት። ቶዮታ ይህችን መኪና ከ1980 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. ነው የሠራት። የእኔዋ የቤንዚን ናት፤ ቱ ኤፍ የሚባለው ባለ 6 ፒስቶን ሞተር አላት። ነበራት ልበል እንጂ። ሞተሩ አይሞትም፣ ግን ይጠጣል። ጮቄ ግርጌ ድንች አስዘራለሁ፤ የክረምቱ ጭቃ ሌላ መኪና አያሳልፍም። በዚያ ጭቃ ስትጎተት በ100 ኪሎ ሜትር ከ25 ሊትር በላይ ትወስድብኝ ነበር። ቤንዚኑን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሲኖር ሰልፍ ነው፣ ሲጠፋ ጥቁር ገበያ ነው። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ መኪናውን ራሱን ልቀይር ብትል ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ሞተሩን ልቀይር አልኩ። ሀሳቡ ስህተት ነበር ብዬ አሁንም አላምንም።

ደላላው ደወለ። «ጋሼ፣ ዋን ኤች ዜድ አግኝቼልዎታለሁ። ከዱባይ የመጣ፣ እዚህ አገር አንድ ቀን ያልሠራ።» ለማታውቁት፣ ዋን ኤች ዜድ በኋላ በመጡት ላንድክሩዘሮች ላይ ያለው 4,164 ሲሲ ናፍጣ ሞተር ነው። የገጠር መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ስሙን ስሰማ ግማሽ ልቤ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጋራዡ ደረስኩ። ሞተሩ በብረት ማቆሚያ ላይ ተቀምጧል። አንድ ልጅ የባትሪውን ገመድ ነካ ሲያደርገው ወዲያው ተነሳ። ጭስ የለ፣ ማንኳኳት የለ። «እጅዎን ያስቀምጡበት ጋሼ፣ እንደ በግ ነው» አለኝ። አስቀመጥኩ። ሞቅ ያለ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ወሩ ኅዳር ነው። የማርቆስን የኅዳር ጠዋት የቀመሰ ያውቀዋል፤ የቧንቧ ውሃ ጣት ይቆርጣል። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረ ብረት በዚያ ሰዓት ከየት አምጥቶ ይሞቃል? እኔ ከመድረሴ በፊት አስነስተው አሙቀውታል። ናፍጣ ሞተር በካንዴላ እሳት አይሠራም፤ አየሩን ጨምቆ በሚፈጠረው ሙቀት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው። ፋሻው፣ ማለትም የፒስቶኑ ቀለበት፣ ያለቀ ሞተር ብርድ ላይ ኮምፕሬሽኑ (አየሩን የሚጨምቅበት ጉልበት) አይበቃውም። ያቃስታል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ስንት ተለምኖ ይነሳል። አንዴ ከሞቀ በኋላ ግን ያው ሞተር አዲስ ይመስላል። እኔ ሙቀቱን በገዛ መዳፌ ዳስሼ «ጥሩ ነው» አልኩና እጄን በጨርቅ ጠርጌ ወጣሁ።

የዘይት መሙያ ክዳኑንም አላስከፈትኩም። ሞተሩ እየሠራ ክዳኑን ፍቱትና አፉ ላይ መዳፋችሁን ያዙ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። የእኔው በኋላ ሲከፈት ጀበና የገነፈለ ነበር የሚመስለው፣ ቡፍ ቡፍ እያለ፤ ፋሻው አልቋል ማለት ነው።

በ420 ሺህ ተስማማን። 60 በመቶ ቀብድ ሰጠሁ። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ስጠይቅ «ቅጂው ከአዲስ አበባ ይላካል፣ አያስቡ» አሉኝ። አላሰብኩም። 10 ቀኑ 47 ቀን ሆነ። «በአንድ ዋጋ» የተባለውም የሞተር ሱፖርት ሲባል፣ የራዲያተር ቱቦ ሲባል፣ የማርሚታ ብየዳ ሲባል ከ500 ሺህ አለፈ። በየመሀሉ ተጣልቼ ላቆም እችል ነበር። ግን አሮጌው ሞተሬ ወርዶ፣ ተሽጦ፣ ሄዷል። መኪናዋ አፏን ከፍታ ጋራዣቸው ውስጥ ቆማለች። ማን ላይ ትጮሃለህ?

ስረከባት የፍሬኑ ፔዳል ጠንከር አለብኝ። «አዲስ ሸራ ስለሆነ ነው ጋሼ፣ ይለምዳል» አሉኝ። ከተማ ውስጥ ቀስ እያልኩ ስነዳ ይይዛል፣ ብቻ እግር ይፈልጋል። ተውኩት።

ጥር ላይ ለእህቴ ሁለት ጆንያ ድንች ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ወጣሁ። ደጀንን አልፌ አባይ በረሃ መውረድ ጀመርኩ። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ወንዙ ጋ እስክትደርስ ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳለህ፣ ጠመዝማዛ ለጠመዝማዛ። ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና ነበር። ፍሬን ረገጥኩ። ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። ፔዳሉ አይወርድም፣ መኪናዋ አትቆምም። በሁለት እግሬ ተነስቼ ቆምኩበት። አንደኛ ማርሽ በግድ አስገባሁ፣ ካምቢዮው ጮኸ። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩና ጎኗን ወደ ተራራው ጠጋ አደረግኋት። ቆመች። እጄ ከመሪው አልላቀቅ አለ። ዝንጀሮዎቹ ሙዝ የሚወረወርላቸው መስሏቸው ተሰብስበው መጡ። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ሲባል እየሳቅን ነበር ያደግነው።

በአንደኛ ማርሽ ዞሬ ደጀን ተመለስኩ። አንድ ሸምገል ያሉ መካኒክ ኮፋኖውን ከፍተው ጎንበስ አሉ። ብዙም አልቆዩ።

«ይሄን ሞተር ምን ብለው ሸጡልህ?»

«ዋን ኤች ዜድ።»

«ልጄ፣ ይሄማ ቱ ኤች ነው።»

ከዚያ በጣታቸው እያሳዩ አስተማሩኝ። የናፍጣ ፓምፑን እዩ። የቱ ኤች ፓምፕ ረጅም ነው፤ ወደ ኖዝሎቹ የሚሄዱት 6 ቀጫጭን ቱቦዎች ከላዩ በአንድ መስመር ተሰልፈው ይወጣሉ። የዋን ኤች ዜድ ፓምፕ አጭር ነው፤ ቱቦዎቹ ከጫፉ ክብ ሠርተው ነው የሚወጡት። ደግሞ ዋን ኤች ዜድ ፊት ለፊቱ የታይሚንግ ቺንጋ ሽፋን አለው። ቱ ኤች ቺንጋ የለውም፤ በጥርስ ነው የሚሄደው። ይህን ለማየት መካኒክ መሆን አያስፈልግም፣ ጎንበስ ማለት ብቻ ነው።

የሚያናድደው፣ ቱ ኤች መጥፎ ሞተር አይደለም። 3,980 ሲሲ ነው፤ ፋብሪካው ራሱ በናፍጣዋ 60 ላይ የገጠመው እሱን ነው። እውነቱን ቢነግሩኝ በልኩ ዋጋ እገዛው ነበር።

የፍሬኑ ነገር ግን ከሞተሩ ስም ይብሳል። ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ብዙ የዚያ ዘመን ናፍጣዎች ባለ 24 ቮልት ናቸው። የእኔም ሞተር ከእነሱ አንዱ ነው። መኪናዬ ደግሞ 12 ቮልት ናት። ጋራዡ ምን አደረገ? የሞተሩን ዲናሞ አውልቆ የቤንዚኑን የድሮ ዲናሞ በብየዳ አሰረበት። ሞተሩን ለሚያስነሳው ሞተሪኖ ሁለት ባትሪ ቀጠለለት። ዲናሞው አንዱን ባትሪ ብቻ ስለሚሞላ ሁለተኛውን በየሳምንቱ ቻርጅ ቤት ተሸክሜ እሄድ ነበር። ይህንንም «ይለምዳል» ብለውኛል።

አሁን ስሙ። የፍሬን ሰርቮ፣ ፔዳል ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው፣ የሚሠራው ከሞተሩ በሚመጣ የአየር መሳብ፣ በቫኪዩም ነው። ቤንዚን ሞተር ይህን በተፈጥሮው ይሰጣል። ናፍጣ ሞተር ግን ለሰርቮ የሚበቃ የለውም። ስለዚህ ቶዮታ በናፍጣዎቹ ላይ ከዲናሞው ጀርባ ትንሽ ቫኪዩም ፓምፕ ገጥሞበታል። ዲናሞውን ሲጥሉ ፓምፑን አብረው ጣሉት። ሽማግሌው ለፓምፑ ዘይት ይወስድ የነበረውን ቀጭን ቱቦ አሳዩኝ። አፉን በቡሎን ደፍነውታል። ቡሎኑን ያጠበቀው ሰው የሚደፍነው ምን እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። እኔን ከሁሉም ያመመኝ ያቺ ቡሎን ናት።

ባለ 12 ቮልት የናፍጣ ዲናሞ ከነቫኪዩም ፓምፑ ሶማሌ ተራ ተገኘ። ሞተሪኖውም በ12 ተቀየረ። ፍሬኑ ተመለሰ። ፋሻውን ገና አላስቀየርኩም፣ ጠዋት ጠዋት ሰፈሩን በጭስ እቀሰቅሳለሁ።

ለቦሎ ምርመራ ስሄድ ደግሞ ሌላው ጉድ ወጣ። መርማሪው በጨርቅ ዘይቱን ጠርጎ ባትሪ አበራበትና የሞተር ቁጥሩን አየ። ከዚያ ጠራኝና «ይዳስሱት» አለኝ። በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት። ዙሪያው ሻካራ የብሎክ ብረት ነው፤ ቁጥሩ ያለበት ግን ለስላሳና ጎድጎድ ያለ ነው። በሞላ ማሽን ተፍቆ እንደገና ተመትቷል። ከቁጥሮቹ አንዱ ደግሞ ዘመም ብሏል። ሊብሬ ላይ የሞተር ቁጥርም የነዳጅ ዓይነትም ተጽፏል። ሞተር ከቀየርክ ማስመዝገብ አለብህ፤ ለዚያ ደግሞ ሞተሩ በሕጋዊ መንገድ የመጣ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ዛሬም «ከአዲስ አበባ እየተላከ» ነው። የደላላው ስልክ ጥሪ አይቀበልም።

ለደወሉልኝ ሦስቱ ያልኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። ሞተሩን ከማየታችሁ በፊት ዲክላራሲዮኑን እዩ፤ ቁጥሩን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱና ብሎኩ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። «ይመጣል» ከተባላችሁ፣ ሲመጣ እንመጣለን በሉ። ሞተሩን ለማየት ሳትነግሯቸው በጠዋት ሂዱ፤ መጀመሪያ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ሞቆ ካገኛችሁት ነገ እመለሳለሁ ብላችሁ ውጡ። የሚሸጥላችሁ ከነዲናሞው፣ ከነሞተሪኖው፣ ከነካምቢዮው ይሁን። ከተገኘ ፊቷ ተቆርጦ የመጣ ግማሽ መኪና መግዛት ይሻላል፤ ውድ ይመስላል እንጂ የጎደለውን አንድ በአንድ ስትለቅሙ ነው የሚከፋው። ሞተሪኖው ላይ ስንት ቮልት እንደሚል አንብቡ። መኪናዋን ስትረከቡ ሞተሩን አጥፉና ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ እስኪጠነክር ርገጡ። ከዚያ እግራችሁን ሳታነሱ አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካላለ ሰርቮው አይሠራም፤ ከግቢው እንዳትወጡ። እኛ ጋ ደግሞ ከፍታውንም አስቡበት። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ይጎድለዋል፤ ጮቄ ዳገት ላይ የደከመ ናፍጣ ከቤንዚኑ ይብስባችኋል።

አሮጌውን ሞተር ደግሞ በፍጹም በዋጋው ውስጥ አትስጡ። አዲሱ በስማችሁ እስኪመዘገብ በጆንያ ጠቅልላችሁ ጓዳ አስቀምጡት። የእኔ ቱ ኤፍ ቡሬ አካባቢ የአንድ ሰው መኪና ላይ ተገጥሟል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እያፈላለግኩ ነው። ሰውየው ይህን ካነበበ መልሼ እገዛዋለሁ፣ ከሸጡለት ዋጋ በላይ እከፍላለሁ። ሊብሬዬ አሁንም የሷን ቁጥር ይዞ «ቤንዚን» ነው የሚለው።