በፒትስበርግ ያየነው የአንጀት ሕክምና

ታናሽ ወንድሜ ክሮንስ የሚባል፣ አንጀትን የሚያስቆጣ ሥር የሰደደ ሕመም አለበት። ሹፌሩም አስተርጓሚውም እኔ ነኝ። ድሮ በነበርንበት ሆስፒታል፣ ሕመሙ ሲነሳበት መሄጃችን ድንገተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ሌሊቱን ወንበር ላይ እናድራለን፣ ከዚያ የሕክምናው ሂሳብ ይከተላል።

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ባለው ዩፒኤምሲ በተባለው፣ የራሱ የጤና ኢንሹራንስም ባለው የሆስፒታሎች ድርጅት፣ በአንጀት ቁጣ ሕሙማን ክሊኒኩ ግን መጀመሪያ የሚደወለው ለነርሷ ነው። ስፔሻሊስቱ፣ የምግብ ባለሙያዋ፣ የሥነ ልቦና ሐኪሙና ሶሻል ወርከሯ አንድ ቡድን ናቸው። የምግብ ባለሙያዋ ስለ እንጀራው፣ ስለ በርበሬውና ስለ ጾሙ አንድ በአንድ ጠየቀችው። ሕመሙ ሲበረታ ቃሪያውን እንዲተው፣ ጥራጥሬውን እንዲቀንስ፣ ሲሻለው ግን ቀስ እያለ ወደ ማዕዱ እንዲመለስ መከረችው። እናታችን ይህን በስልክ ስትሰማ መረቀቻት!

ልዩነቱ ከክፍያው ይጀምራል። በተለመደው አሠራር ገቢ የሚመጣው ከቀጠሮና ከምርመራ ብዛት ነው። ይህ ክሊኒክ ግን እ.ኤ.አ. በ2015 ሲከፈት የዩፒኤምሲ ኢንሹራንስም አብሮ ገባበት። ታካሚው አልጋ ሳይዝ ቢሰነብት ለሁሉም ያዋጣል። ዶክተር ሚጌል ሬጌሮና ባልደረቦቻቸው የዚህን ክሊኒክ 322 ታካሚዎች ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገተኛ ክፍል መሄድ በ47 በመቶ፣ ሆስፒታል መተኛት በ36 በመቶ ገደማ ቀንሷል።

የሚከነክነኝ አንድ ነገር ነው። አገልግሎቱ ሲጀመር የታሰበው ለራሱ ለዩፒኤምሲ ኢንሹራንስ አባላት ነበር። ሥራ ሲቀየር ኢንሹራንስም ይቀየራል፤ የታመመ ሰው ደግሞ ሐኪሞቹን በዚህ ምክንያት ማጣት የለበትም። ስለዚህ ፒትስበርግ ያላችሁ፣ የኢንሹራንስ ምርጫችሁን ከመፈረማችሁ በፊት ወደ ክሊኒኩ ደውላችሁ ያንን ኢንሹራንስ ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ።