ሳይለካ «ዲናሞህ ተቃጥሏል» ለሚላችሁ ጋራዥ ብር አትክፈሉ

ባሕር ዳር ውስጥ አሮጌ ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ ይህን ሳታነቡ ጋራዥ አትግቡ። ባትሪ ቻርጅ አላደርግ ሲል ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እንኳ ሳያወጡ፣ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ የሚቀይሩ አሉ። እኔ ላይ ደርሷል።

ሞተሬ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ የተሠራ የጃፓን ነው። ከጢስ አባይ ስመለስ መብራቱ እየደከመ መጣ፤ በማግስቱ ባትሪው ሞቶ አገኘሁት። ጋራዡ የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ብቻ «ዲናሞው ተቃጥሏል» አለኝ። የተጠየቅኩት ብር ከአዲስ ባትሪ ዋጋ እጥፍ ይበልጣል። «ኦሪጅናል ነው» ተባልኩ። ደረሰኝ ስጠይቅ «ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ነገ ና»። አሮጌውን ዲናሞ ስጠይቅ «ቁራጭ ብረት ምን ያደርግልሃል?» ሳምንት ሳይሞላ ባትሪው እንደገና ሞተ።

አባይ ማዶ ያሉ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ወሰድኩት። ጋሼ ምንም ከመፍታታቸው በፊት ለኩ። ሞልቶ ያረፈ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ተነስቶ ጋዝ ሲሰጠው ከ13.8 እስከ 14.5 መውጣት አለበት። የኔው 12 ላይ ተገትሮ ቀረ። ከ15 ካለፈ ደግሞ ሬጉሌተሩን፣ ማለትም ቻርጁን የሚቆጣጠረውን ዕቃ፣ ጠርጥሩ፤ ባትሪውን አፍልቶ ይገድለዋል። ሞተራችሁ ባለ 6 ቮልት ከሆነ ግን እነዚህ ቁጥሮች አይሠሩም፤ እሱ ቻርጅ ሲደረግ 7 ቮልት አካባቢ ነው።

ጋሼ ቀጥለው ከዲናሞው ወደ ሬጉሌተሩ የሚሄዱትን ሦስት ሽቦዎች ተከተሉ። ብዙ ጊዜ ሦስቱም ቢጫ ወይም ሦስቱም ነጭ ናቸው። የሚገናኙበት ሶኬት ቀልጦ ጠቁሯል፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። ሶኬቱን ነቅለው፣ ቴስተሩን ኤሲ (ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ) ላይ አድርገው፣ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለቱን እያፈራረቁ ለኩ። ሦስቱም ልኬት እኩል ነው፤ ጋዝ ሲጨመር እኩል ይወጣል። ሞተሩን አጥፍተው እያንዳንዱን ሽቦ ከሞተሩ ብረት ጋር ፈተሹ። እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ከሆነ የዲናሞው የሽቦ ጥቅል ተቃጥሏል ማለት ነው። የኔው አያስተላልፍም፤ ጥፋቱ የሶኬቱ እንጂ የዲናሞው አልነበረም። የተቃጠለውን ሶኬት ቆርጠው ሽቦዎቹን በደንብ በየዱ። ቻርጁ ወዲያው 14 ገባ።

ካርተሩን (የዲናሞውን ሽፋን) ከፍተን ስናይ ደግሞ «ኦሪጅናል» የተባለው ዲናሞ አሮጌ ሆኖ ሽቦው እንደገና የተጠቀለለ ነው። ብረቱ የዛገ፣ ቫርኒሹ ላዩ ላይ በብሩሽ የተቀባ። ማስጠቅለል በራሱ ነውር የለበትም። በወጉ ከተሠራ ዓመታት ያገለግላል፣ ዋጋውም ይረክሳል። አዲስ ነው ብሎ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። የኔ ዲናሞ ጤነኛ እንደነበር አሁን ማሳየት አልችልም፤ እነሱ ጋ ቀርቷል። ተጠቅልሎ ለሌላ ሰው «ኦሪጅናል» ተብሎ ይሸጥ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ስለዚህ ሥራው ሳይጀመር «አሮጌውን ዕቃ ይዤ እሄዳለሁ» በሉ። ሲለኩ አጠገባቸው ቁሙ፣ ቁጥሩን በዓይናችሁ እዩ። ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት የገዛችሁት ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ማስለወጥ ወይም ብራችሁን ማስመለስ ትችላላችሁ። ያለ ደረሰኝ ግን ከማን እንደገዛችሁ ማስረዳት ከባድ ነው። «ነገ ና» ካሏችሁ፣ ክፍያውም ነገ ይሁን።