ኪንግ ክሪምሰን በፍላሽ፦ ድምፁ ጥሩ፣ ቅደም ተከተሉ የተበላሸ

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ ካሉት ሙዚቃ ቤቶች አንዱ የእንግሊዙን የሮክ ባንድ ኪንግ ክሪምሰን 13ቱንም የስቱዲዮ አልበሞች ፍላሽ ላይ ይጭናል። ሂሳቡ በጊጋ ነው። ፋይሎቹ ባለ 320 (በሰከንድ 320 ኪሎቢት) ስለሆኑ በደቂቃ 2.4 ሜጋ ገደማ ይይዛሉ፤ ሁሉም ተደምሮ ባለ 2 ጊጋ ፍላሽ ላይ ይገባል። ባለ 128 ሲሆን የሚሻክረው የሲምባል ድምፅ እዚህ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ለዚህ ቤቱ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ድርድሩ ላይ ነው። አልበሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ስለተቀመጡ በ1982 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ቢት» ከ1969ኙ የመጀመሪያ አልበም ይቀድማል። ለዚህ ባንድ ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም። የሮሃ ባንድ አድማጭ ድምፃዊ ሲፈራረቅ አጃቢው ያው ሲሆን ለምዷል። እዚህ ግን ድምፃዊውም አጃቢውም ይለወጣል፤ ከመነሻው እስከ መጨረሻው የዘለቀው ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ ብቻ ነው።

የንፋስ መሣሪያና ኪቦርድ ተጫዋቹ ኢያን ማክዶናልድና ድራመሩ ማይክል ጋይልስ በ1969 መጨረሻ ወጡ። የመጀመሪያው ድምፃዊ ግሬግ ሌክ ሁለተኛው አልበም ላይ ቢዘፍንም ወዲያው ኤመርሰን፣ ሌክ ኤንድ ፓልመር የተባለውን ባንድ መሠረተ። ሦስተኛው ላይ ጎርደን ሃስኬል፣ አራተኛው ላይ ቦዝ በረል ዘፈኑ፤ በረልን ቤዝ ያስተማረው ራሱ ፍሪፕ ነው። በ1972 ከፍሪፕ በቀር ሁሉም አዲስ ሆነ፦ «የስ» ከተባለው ባንድ የመጣው ድራመር ቢል ብሩፎርድ፣ ቤዝ እየመታ የሚዘፍነው ጆን ዌተን፣ ቫዮሊኒስቱ ዴቪድ ክሮስ፣ የምት መሣሪያ ተጫዋቹ ጄሚ ሙር። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ስብስብ ነው። ሙር በ1973፣ ክሮስ በ1974 ሲወጡ «ሬድ» በቀሩት ሦስቱ ላይ ቆመ፤ አልበሙ ገበያ ሳይደርስ ግን ፍሪፕ ባንዱን በተነ። በ1981 በ«ዲሲፕሊን» ሲመለስ አሜሪካውያኑ ድምፃዊና ጊታሪስት ኤድሪያን ብሊውና ቤዚስቱ ቶኒ ሌቪን ገብተው ነበር፤ ሁለት ጊታሮች እየተጠላለፉ የሚሄዱበት ፍጹም ሌላ ሙዚቃ ነው። ቤቱ ግን ሁሉም ፋይል ላይ ድምፃዊው ብሊው ነው ብሎ ጽፏል፤ ይህ መታረም አለበት።

ከመጀመሪያው አልበም «ሙንቻይልድ» የተባለው ዘፈንም ተቆርጧል። ሙሉው 12 ደቂቃ ገደማ ነው፤ እዚህ ግጥሙ እንዳለቀ ይቆማል። ሂሳብ ሳይከፈል ርዝመቱን ማየት ይሻላል።

ድርድሩን ለማስተካከል መጀመሪያ ፋይሎቹን ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ፍላሹን በፋት 32 (FAT32 በሚባለው የፎርማት ዓይነት) ፎርማት አድርጎ ፎልደሮቹን «01_1969»፣ «02_1970» እያሉ መሰየም ነው። ዜሮው ካልገባ 10ኛው ከ2ኛው ይቀድማል። ከዚያ ወደ ፍላሹ በተራ አንድ በአንድ ኮፒ ማድረግ፤ ብዙ የመኪና ቴፖች የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን በተጫነበት ተራ ነውና። የ1973ኙ «ላርክስ ታንግስ ኢን አስፒክ» አከፋፈቱ በጣም ዝግ ያለ ስለሆነ በጣርማበር ዳገት ከሞተሩ ጩኸት ጋር አይሰማም፤ ድምፁን ከፍ ያደረገ ሰው ጊታሩ ሲገባ ስፒከሩን ሊያቃጥል ይችላል። እሱን ቤት ውስጥ በሄድፎን ነው መስማት።

ከ2014 እስከ 2021 ሦስት ድራመር የነበረው ስብስብ የስቱዲዮ አልበም ስላላወጣ ፎልደሩ ውስጥ የለም። የሚፈልግ የመድረክ ቅጂዎቹን ለይቶ ይጠይቅ።