ጄሜትር፦ ኩኪና መግቢያ ባለባቸው ድረ-ገጾች ላይ

አፓቺ ጄሜትር ድረ-ገጾች ምን ያህል የተጠቃሚ ጫና እንደሚችሉ ለመፈተን የሚያገለግል፣ በጃቫ የተጻፈና በነጻ የሚገኝ ሶፍትዌር ነው። እዚህ የምገመግመው አንዱን ገጽታውን ብቻ ነው፤ ይኸውም በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገባበትን ድረ-ገጽ ሲፈትን ኩኪን፣ ማለትም ሰርቨሩ (ድረ-ገጹን የሚያቀርበው ኮምፒውተር) ተጠቃሚውን ለይቶ ለማወቅ የሚሰጠውን ትንሽ መረጃ፣ እንዴት እንደሚይዝ ነው።

ጄሜትር ብራውዘር አይደለም። «ኤችቲቲፒ ኩኪ ማኔጀር» የሚባለው ክፍል በፈተናው ዕቅድ ውስጥ ካልተጨመረ፣ ሰርቨሩ የሰጠውን ኩኪ ይዞ ወደሚቀጥለው ገጽ አይሄድም። በብራውዘር ያለ ችግር የሚሠራ መግቢያ በጄሜትር እምቢ ሲል፣ በቅድሚያ መታየት ያለበት ይህ ነው። ክፍሉ ከተጨመረ በኋላ ግን ለእያንዳንዱ ምናባዊ ተጠቃሚ ኩኪውን ለይቶ ስለሚይዝ የአንዱ ሴሽን (ገብቶ እስኪወጣ ያለው ቆይታ) ከሌላው ጋር አይቀላቀልም፤ በዚህ በኩል የሚወጣለት እንከን የለም።

ትልቁ ድክመቱ ሌላ ነው። ብዙ ድረ-ገጾች ያልገባን ተጠቃሚ በስህተት ኮድ አያሰናብቱም፤ በ302 («ወደ ሌላ ገጽ ሂድ» በሚለው ኮድ) ወደ መግቢያው ገጽ ይመልሱትና ያንኑ ገጽ በ200 («ተሳክቷል» በሚለው ኮድ) ያቀርቡለታል። ጄሜትር 200ን እንደ ስኬት ስለሚቆጥር፣ አንድም ተጠቃሚ ሳይገባ ሪፖርቱ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። የመግቢያ ቅጽ ማሳየት የተጠቃሚን መረጃ ከዳታቤዝ አውጥቶ ከማቅረብ ስለሚቀል፣ የምላሽ ጊዜውም ከእውነተኛው ያጠረ ሆኖ ይታያል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ጨርሶ ካለመፈተን የከፋ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። መፍትሔው እዚያው አለ፦ በ«ሪስፖንስ አሰርሽን» አማካይነት ለገባ ሰው ብቻ የሚታይ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ «ውጣ» የሚለው ቃል፣ በምላሹ ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ይቻላል። ነገር ግን ይህን ማሰብ የፈታኙ ድርሻ ነው፤ መሣሪያው አያስታውሰውም።

መግቢያው እምቢ ያለበትን ምክንያት ፍለጋ ላይ «ቪው ሪዛልትስ ትሪ» የተባለው መስኮት ያስመሰግነዋል። ፈተናውን በአንድ ተጠቃሚ ብቻ አስኪዶ፣ ሰርቨሩ የሰጠውን ኩኪና ቀጣዩ ጥያቄ ይዞት የሄደውን ማነጻጸር ብዙውን ጊዜ ችግሩን ያጋልጠዋል። «ሴኪዩር» የሚል ምልክት ያለበት ኩኪ በኤችቲቲፒኤስ (በተመሰጠረ ግንኙነት) ካልሆነ አይላክም፤ ለአንድ ዶሜን (የድረ-ገጽ አድራሻ) የተሰጠም ወደ ማይመለከተው ዶሜን አይሄድም። «ሪዳይሬክት አውቶማቲካሊ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ደግሞ በመካከል ያለው የ302 ምላሽ ለጄሜትር ስለማይታየው፣ «ፎሎው ሪዳይሬክትስ» የሚለውን መምረጥ ይሻላል። ኩኪው በትክክል እየተላከ 403 («አልተፈቀደም» የሚለው ኮድ) ከተመለሰ ግን ጥርጣሬው ወደ ሲኤስአርኤፍ ቶክን፣ ማለትም ጥያቄው ከራሱ ከድረ-ገጹ ቅጽ መምጣቱን ለማረጋገጥ ሰርቨሩ በቅጹ ውስጥ ወደሚያስቀምጠው ምስጢራዊ ኮድ፣ መዞር አለበት። ፈተናው መጀመሪያ ሲቀረጽ የተያዘው ቶክን ለሌላ ሴሽን ስለማይሠራ፣ በጽሑፍ ንድፍ ፈልጎ ከምላሽ ውስጥ ቃል የሚያወጣውን «ሬጉላር ኤክስፕሬሽን ኤክስትራክተር»ን ተጠቅሞ አዲሱን ከመግቢያው ገጽ ላይ በየጊዜው ማውጣት ያስፈልጋል።

መግቢያው በጃቫስክሪፕት (በብራውዘር ውስጥ በሚሠራ የፕሮግራም ቋንቋ) የሚቀናበር ከሆነ፣ ጄሜትር ጃቫስክሪፕትን ስለማያስኬድ፣ ስክሪፕቱ የሚልካቸውን ጥያቄዎች አንድ በአንድ በእጅ ማዘጋጀት ግድ ይላል። ይህ አድካሚ ለሆነበት ሰው እውነተኛ ብራውዘር የሚያንቀሳቅስ መሣሪያ ይሻለዋል፤ ሆኖም እያንዳንዱ ብራውዘር ብዙ ሜሞሪ ስለሚወስድ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሊያሰማራ የሚችለው የተጠቃሚ ብዛት በእጅጉ ይቀንስበታል።