ኤስኪውላይት፣ ኤችቱ ወይስ ዳክዲቢ? በፍጥነት ሳይሆን ሲቸገሩ በሚያሳዩት ጠባይ መምረጥ

ዳታቤዝ ሲመረጥ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "የቱ ይፈጥናል?" የሚለው ነው። ለሱቅ፣ ለፋርማሲ ወይም ለትንሽ ክሊኒክ ፕሮግራም ስሠራ ፍጥነት አስቸግሮኝ አያውቅም። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። መብራት ድንገት ሲሄድ ዳታው ምን ይሆናል? ሁለት ሰው እኩል ሲመዘግብ የትኛው ይጠብቃል? የተሳሳተ ነገር ሲገባበት ይጮኻል ወይስ ዝም ብሎ ይውጠዋል? እኔ የማወዳድራቸው በዚህ ነው።

የማወራው ለብቻው የሚነሳ ሰርቨር ስለማይፈልጉት ዳታቤዞች፣ በተለይም ስለ ኤስኪውላይት፣ ኤችቱ እና ዳክዲቢ ነው። ፕሮግራሙ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ዳታውን በአብዛኛው አንድ ፋይል ላይ ያስቀምጣሉ።

በኤስኪውላይት ልጀምር። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሐሳቡ የመጣለት ለአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ በሚሠራው ፕሮግራም ምክንያት ነበር። የዳታቤዙ ሰርቨር ሳይነሳ ሲቀር ፕሮግራሙ "መገናኘት አልቻልኩም" ብሎ ይቆማል። ታዲያ ሰርቨሩ ለምን ያስፈልጋል? ፋይሉን በቀጥታ ማንበብ አይሻልም? እንዲህ ብሎ ጀመረው። ዛሬ እያንዳንዱ አንድሮይድ እና አይፎን ውስጥ አለ።

ጀማሪ ሁሉ የሚገጥመው ኢረር "ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ" ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ኤስኪውላይት በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ነው የሚያስተናግደው፤ የሚቆልፈውም የሚጻፍበትን አንድ መስመር (አንዱን ምዝገባ) ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ነው። ሌላ ጸሐፊ ከመጣ፣ "ትንሽ ጠብቅ" ካላላችሁት በቀር ወዲያው ይመልሰዋል። መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ቢዚ ታይምአውት የሚባለውን በየኮኔክሽኑ (ፕሮግራሙ ዳታቤዙን በከፈተ ቁጥር በሚፈጠረው ግንኙነት) ላይ አምስት ሰከንድ አካባቢ ማድረግ። ሁለተኛ፣ ከ2010 ጀምሮ ያለውን ዋል ሞድ (አዲሱን መጀመሪያ ሌላ ፋይል ላይ የሚጽፍ አሠራር) ማብራት። በዋል ሞድ አንባቢ ጸሐፊን አያግድም፣ ጸሐፊም አንባቢን አያግድም።

ሁለቱንም አድርጋችሁ ኢረሩ ካልለቀቃችሁ ትራንዛክሽኑን (አብረው የሚጸኑ ወይም አብረው የሚሰረዙ ትእዛዞችን ጥቅል) እዩት። ብዙ ጊዜ ትራንዛክሽኑ በማንበብ ተጀምሮ መሀል ላይ ወደ መጻፍ ይሸጋገራል። በዚህ መሀል ሌላ ሰው ከጻፈ፣ ያነበባችሁት አሮጌ ስለሆነ ኤስኪውላይት ሳይጠብቅ ነው የሚመልሳችሁ። ያስቀመጣችሁት አምስት ሰከንድ እዚህ ላይ ምንም አይሠራም። መጻፋችሁ ካልቀረ ትራንዛክሽኑን ከመጀመሪያው "ቢጊን ኢሚዲየት" ብላችሁ ክፈቱት።

ከዚህ ሁሉ በላይ ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ፋርማሲ ውስጥ የተከልኩት ፕሮግራም ነበር። ባለቤቷ ጠንቃቃ ሴት ናቸው። ማታ ማታ ፍላሽ ይሰኩና የዳታቤዙን ፋይል ይገለብጣሉ። አንድ ቀን የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ሞተ። "አይዞህ፣ የትናንቱ አለኝ" ብለው ፍላሹን ሰጡኝ። ከፈትኩት። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ግን የመጨረሻዎቹ ቀናት ሽያጭ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዋል ሞድ አዲስ የተጻፈው መጀመሪያ የሚገባው አጠገቡ ባለች፣ ስሟ "ዋል" ብሎ በሚያልቅ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። ወደ ዋናው ፋይል የሚሻገረው እሷ 1000 ገጽ፣ ማለትም ወደ 4 ሜጋባይት፣ ስትደርስ ነው፤ ወይም የመጨረሻው ኮኔክሽን በሥርዓት ሲዘጋ። የፋርማሲው ፕሮግራም ደግሞ ቀን ከሌት ክፍት ነበር። የትንሽ ፋርማሲ ሽያጭ 4 ሜጋባይት ለመሙላት ቀናት ይፈጅበታል። እሳቸው በየማታው በትጋት የገለበጡት ዋናውን ፋይል ብቻ ነበር። ቀድሜ ልነግራቸው የሚገባኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ኤስኪውላይት ከመረጣችሁ ባክአፕ በፋይል ኮፒ እንዳይሠራ አድርጉ። ከ2019 ጀምሮ "ቫኪዩም ኢንቱ" የሚል ትእዛዝ አለ። ፕሮግራሙ ክፍት እያለም ሙሉና ንጹሕ ቅጂ በአዲስ ፋይል ያወጣል። እኔ አሁን አንድ ቁልፍ ላይ አስሬዋለሁ፤ ባለቤቷ ፍላሽ ሰክተው እሱን ይጫናሉ።

መብራት ሲሄድስ? እዚህ ላይ ኤስኪውላይትን የሚያህል የለም። ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ቀጥሎ ሲከፈት ያልተጠናቀቀውን መልሶ ፋይሉን ያስተካክላል። ኤችቱ ግን በራሱ ማኑዋል ላይ በግልጽ ጽፎታል፦ ኮሚት የተደረገ (ተጠናቆ የጸደቀ) ሁሉ ከመብራት መጥፋት ይተርፋል ብሎ ዋስትና አይሰጥም። ያልተጻፈውን ወደ ዲስክ የሚያወርደው በግማሽ ሰከንድ ገደማ መዘግየት ነው። ግማሽ ሰከንድ ትንሽ ትመስላለች። ገንዘብ የተቀበለ ሰው ግን ደረሰኙ ወጥቶ ምዝገባው ሲጠፋ ትንሽ አትሆንበትም።

ኤስኪውላይት የሚያስከፋው ዝምታው ነው። የዋጋ ኮለም (ዓምድ) ኢንቲጀር፣ ማለትም ሙሉ ቁጥር፣ ነው ብላችሁ "ሃያ ብር" የሚል ጽሑፍ ብታስገቡ ይቀበላል። ፎሪን ኪይ (አንዱ ቴብል የሚጠቅሰው ነገር በሌላው ቴብል ውስጥ መኖሩን የሚያስገድድ ሕግ) ብታውጁም በየኮኔክሽኑ ካላበራችሁት አያስከብረውም። የጠፋ መድኃኒት ላይ ሽያጭ ይመዘገባል፤ ማንም ምንም አይልም። የኮለሙን ዓይነት እንዲያስከብር ከ2021 ጀምሮ "ስትሪክት" ብሎ ቴብል መፍጠር ይቻላል። አዲስ ሥራ ከጀመራችሁ ያለ እሱ አትጀምሩ።

ቀን ላይ ደግሞ የእኛ የራሳችን ጣጣ አለ። ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የለውም፤ ቀንን እንደ ጽሑፍ ወይም እንደ ቁጥር ነው የሚይዘው። አንድ ሰው የጳጉሜን ቀን 2016-13-05 ብሎ ቢያስገባ ይቀመጣል። በኋላ በቀን ፈንክሽን ስታሰሉበት 13ኛ ወር ስለማያውቅ ባዶ ይመልሳል። ከሪፖርቱ ውስጥ አምስት ቀን ይጎድላል፣ ኢረር የለም። ኤችቱ ላይ ያንኑ ወደ ቀን ኮለም ብታስገቡት እዚያው ይጮኻል። የትኛውንም ብትመርጡ ግን ዳታቤዙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ስክሪን ላይ ሲወጣ ቀይሩት።

ኤችቱ የቶማስ ሙለር ሥራ ነው፣ 2005 ላይ ወጣ። ሙሉ በሙሉ በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ስለሆነ ለጃቫ ሰው ቤቱ ነው። አንድ ጃር ፋይል ትጨምራላችሁ፣ አለቀ። ፈልጋችሁ ስታድጉ እንደ ሰርቨር ሊነሳ ይችላል፤ ሁለት ኮምፒውተር ያለው ሱቅ ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኤስኪውላይትን በሼርድ ፎልደር አስቀምጣችሁ ከሁለት ኮምፒውተር ለመክፈት እንዳትሞክሩ። ዋል ሞድ በኔትወርክ ላይ አይሠራም፤ የኔትወርክ ፋይል መቆለፊያም የሚታመን አይደለም። ፋይሉ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ኤችቱ ላይ የሚያጋጥሙት ችግሮች ሦስት ናቸው። ሚሞሪ ውስጥ ቴስት ስትሠሩ "ቴብል ኖት ፋውንድ" ካላችሁ፣ የመጨረሻው ኮኔክሽን ሲዘጋ ዳታቤዙ አብሮ ጠፍቶ ነው፤ የመዝጊያ መዘግየቱን ኔጌቲቭ አንድ አድርጉት። "ቀድሞ ተከፍቷል" ካላችሁ ሌላ ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) ይዞታል፤ ብዙ ጊዜ ራሳችሁ ከፍታችሁ የረሳችሁት ኮንሶል ነው። ሦስተኛው ከባድ ነው። ከስሪት 1.4 ወደ 2 ስትሻገሩ አሮጌው ፋይል አይከፈትም። በአሮጌው ወደ ኤስኪውኤል ስክሪፕት (የዳታቤዝ ትእዛዞች ጽሑፍ) አውጥታችሁ በአዲሱ መልሳችሁ መጫን አለባችሁ። "ዩዘር" እና "ቫልዩ" የሚባሉ ስሞችም የተያዙ ቃላት ሆነዋል፣ ኮለማችሁ እንዲያ ከተባለ ይሰበራል። የኤስኪውላይት ፋይል ግን ከ2004 ወዲህ ያለው ዛሬም ይከፈታል፤ ሠሪዎቹም እስከ 2050 እንደሚደግፉት ቃል ገብተዋል። አንድ ጊዜ ተክላችሁ ለዓመታት ተመልሳችሁ ለማትነኩት ፕሮግራም ይህ ሚዛን ይደፋል።

ሌላው የጃቫ ዳታቤዝ ደርቢስ? በፊት ከጃቫ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከጃቫ 9 ጀምሮ ቀርቷል። የቆየ ሥራ ላይ ካገኛችሁት አትንኩት፣ አዲስ ግን አትጀምሩበት። ፋየርበርድ የሚባለው ዳታቤዝ ጠንካራ ነው፤ ነገ ወደ እውነተኛ ሰርቨር እንደምትሄዱ ዛሬ ካወቃችሁ ያንኑ ፋይል ይዛችሁ መሻገር ትችላላችሁ።

ዳክዲቢ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር ሳይሆን ጎናቸው የሚቆም ነው። በ2019 ከአምስተርዳም የምርምር ተቋም ወጣ፣ ስሪት 1.0 በ2024 ደረሰ። ዳታውን የሚያስቀምጠው በኮለም ስለሆነ፣ ሚሊዮን መስመር ደምሮ በየወሩ መከፋፈል ላይ ሌሎቹን ጥሎ ይሄዳል። ሲኤስቪ ፋይልን (በኮማ የተለየ የሠንጠረዥ ጽሑፍ) ሳታስገቡ በቀጥታ ትጠይቁታላችሁ። ካሸር ላይ አንድ አንድ መስመር ለመመዝገብ ግን አልተሠራም። ለመጻፍ የሚከፍተውም አንድ ፕሮሰስ ብቻ ነው፤ ሌላው ለማንበብ እንኳ ሊገባ ሲል "ፋይሉን መቆለፍ አልቻልኩም" ይለዋል።

አማርኛ ላይ ማንም አይበልጥም። ፊደሉ በዩኒኮድ የተደረደረው በሀ ሁ ቅደም ተከተል ስለሆነ ስም በፊደል ተራ ማውጣት ሦስቱም ላይ ደህና ነው። ፍለጋው ነው ችግሩ። "ጸሀይ" ብሎ የጻፈ ሰው "ፀሐይ"ን አያገኝም። "ሀይሉ" እና "ኃይሉ" ዝርዝሩ ላይ በጣም ተራርቀው ይቀመጣሉ። ሁለተኛ ኮለም ጨምሩ። ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነዘራቸው ቀይራችሁ፣ ከዚያ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ አድርጋችሁ እዚያ አስቀምጡ፤ ፍለጋው እሱ ላይ ይሂድ። ኤስኪውላይት ላይ ይህን የሚሠራ ፈንክሽን በፓይተን ጽፎ ማስመዝገብ ጥቂት መስመር ነው፤ ኤችቱ ላይም በጃቫ እንዲሁ።

ዋጋ ሦስቱም ነጻ ናቸው። ልዩነቱ ምስጠራ ላይ ይመጣል። ኤችቱ አብሮት አለ። ኤስኪውላይት የራሱን የምስጠራ ጭማሪ በ2000 ዶላር ነው የሚሸጠው፤ ኤስኪውኤልሳይፈር የሚባለው ግን ነጻ ስሪት አለው፣ ለክሊኒክ መዝገብ የምጠቀመው እሱን ነው።

ያ ፋርማሲ ዛሬም በኤስኪውላይት ነው የሚሠራው፣ በስትሪክት ቴብል። ወር ሲያልቅ ባለቤቷ የሚፈልጉትን ሪፖርት የሚያወጣው ግን ዳክዲቢ ነው፤ ፍላሹ ላይ ያለውን የኤስኪውላይት ቅጂ ሳይለውጥ በቀጥታ ያነበዋል።