ቴት በሰሜንና በደቡብ ቬትናም

የቬትናማውያን ታላቁ የቤተሰብ በዓል ቴት የሚከበረው በጨረቃ አቆጣጠር የዓመቱ የመጀመሪያ ወር በሚብትበት ዕለት በመሆኑ፣ በጎርጎርሳውያኑ አቆጣጠር ቀኑ በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ በ2025 ጃንዋሪ 29 ነበር፣ በ2026 ደግሞ ፌብሩዋሪ 17 ነው። ቀኑ በሃኖይም ሆነ በሆ ቺ ሚን ከተማ አንድ ሲሆን፣ የሚለያየው የየቤቱ መሰናዶ ነው።

ብርድ የማያጣው ሰሜን ሮዝ የኮክ አበባ ቤቱ ሲያስገባ፣ ሞቃታማው ደቡብ ማይ የተባለውን ቢጫ አበባ ይመርጣል። ከተጣባቂ ሩዝ፣ ከማሾና ከአሳማ ሥጋ የሚሰናዳው የበዓሉ ምግብም በሰሜን አራት ማዕዘን ሆኖ ባን ቹንግ ይባላል፤ በደቡብ ግን በሙዝ ቅጠል እንደ በትር ተጠቅልሎ ባን ቴት ይሆናል። ሁለቱም ለረጅም ሰዓታት ስለሚቀቀሉ ቤተሰቡ በድስቱ ዙሪያ ተሰብስቦ ያመሻል።

ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው፣ ለእኔም እጅግ የሚማርከኝ፣ ለቀደሙት አባቶችና እናቶች መታሰቢያ በሚቀርበው የፍራፍሬ ትሪ ላይ ነው። ሰሜኖች አረንጓዴ የሙዝ ዘለላ ከሥር አድርገው ሌሎቹን ፍሬዎች እንደ እፍኝ ያሳቅፉታል። ደቡቦች ግን የሙዝ ስም በአነጋገራቸው ወደ ፊት ከመደፋት ጋር ስለሚመሳሰል ከትሪው ያርቁታል፤ በምትኩ ጊሽጣ፣ ኮኮናት፣ ፓፓያና ማንጎ ይደረድራሉ፤ ስሞቻቸው በተከታታይ ሲጠሩ «ለወጪያችን የሚበቃንን ስጠን» የሚል ጸሎት ይመስላሉና።