«አይዝግም» የተባለው ክራንች በባሕር ጨው ተጣብቆ ሲቀር

የክራንቼ የቁመት ማስተካከያ ቁልፍ ተጣብቆ እምቢ ያለው ለተሰበረው ቁርጭምጭሚቴ የታሰረልኝን የሕክምና ቡት አውልቄ በጫማ እንድራመድ በተፈቀደልኝ ሳምንት ነው። ከወራት አገልግሎት በኋላ ስለዚህ ዕቃ ለመጻፍ የተነሳሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ደረጃ ወጥቼበታለሁ፣ አውቶቡስ ተሳፍሬበታለሁ፣ ዝናብ ላይ ቆሜበታለሁ፤ ስለዚያ ሁሉ የምለው «ደህና ነው» ብቻ ነው። ክራንች በደንብ ሲያገለግል ማንም ልብ አይለውም። እምቢ ያለ ቀን ግን ከሱ ሌላ የሚታሰብ ነገር የለም።

ዕቃው ብብት ሥር የሚገባው ዓይነት አይደለም። ክንድን ከኋላ የሚያቅፍ የፕላስቲክ ግማሽ ቀለበትና ወደ ፊት የወጣ መጨበጫ ያለው ቀላል የአሉሚኒየም ክራንች ነው፤ በሕክምናው ዘርፍ ሎፍስትራንድ የሚሉት። የታችኛው ቱቦ በላይኛው ውስጥ ይገባል። በታችኛው ውስጥ የታጠፈ የብረት ስፕሪንግ አለ፤ ስፕሪንጉ ራስ ላይ ያለችው ክብ ቁልፍ በላይኛው ቱቦ ቀዳዳ ብቅ ስትል ቁመቱ ይቆለፋል። ቁልፏን ተጭኖ ቱቦውን መሳብ፣ «ቀጭ» ሲል መተው፣ ሌላ ሥራ የለውም። የገዛሁ ዕለት ሻጩ ደጋግሞ ያሳየኝም ይህንኑ «ቀጭ» ነበር።

የብብቱን ዓይነት የተውኩት አስቤበት ነው። ሰው ሲደክመው ብብቱን ጥሎበት ያርፋል፤ ክብደቱ በዚያ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ ሲጫነው እጅ ይደነዝዛል፣ አንጓን ቀና ማድረግ እስኪያቅት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ብዙ ለሚራመድ ሰው የክንዱ ዓይነት ይሻላል ብዬ ነበር፤ ዛሬም ያንኑ እላለሁ። መጨበጫው ጠንካራ ስለሆነ ትንሿ ጣቴ ትደነዝዝ ነበር፤ ለስላሳ ጨርቅ ጠቀለልኩበትና ተወኝ።

ቁርጭምጭሚቴ የተሰበረው የባሕር ጠረፉን መንገድ ገና ስጀምረው ነው። አጥንቱ ከቦታው ስላልተንሸራተተ ቀዶ ሕክምና አላስፈለገም፤ የሕክምና ቡት ታሰረልኝ። እንዲህ ያለ ስብራት ለመጋጠም ብዙውን ጊዜ 6 ሳምንት ገደማ ይፈልጋል፣ የእግሩ ጉልበት እስኪመለስ ደግሞ ወራት። ሐኪሙን አማክሬ ጉዞውን ላለማቋረጥ ወሰንኩ። ቀስ ብዬ፣ ከአንዱ የጠረፍ ከተማ ወደ ቀጣዩ፣ ያለ ረጅም የመኪና ጉዞ፤ የታሰረ እግር ይዞ ለሰዓታት መቀመጥ በደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ያጋልጣልና በየመሃሉ መውረድና መንቀሳቀስ ነበረብኝ።

በዚህ ውሳኔዬ ደስተኛ ነኝ። በአንድ ወገን ቀጥ ያለ ገደል፣ በሌላው ዓይን እስከሚደርስበት ድረስ ውሃ፤ ከፊት ለፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንዲት ቋጥኝ፣ አንድ መታጠፊያ፣ ከወዲያ ምን እንዳለ የማይታወቅ። ቤት ውስጥ ተኝቶ ጣሪያ የሚያይ ሰው «ዛሬ ትንሽ ልራመድ» ለማለት ራሱን መለመን አለበት። እኔን ማንም አልለመነኝም። «እስከዚያች ቋጥኝ» እያልኩ እወጣ ነበር፤ በማግስቱ ደግሞ ከቋጥኟ አልፋለሁ። አጥንቴን ባሕሩ ጠገነው አልልም፤ ለመራመድ ምክንያት የሰጠኝ ግን እሱ ነው። በክራንቹ የተናደድኩትም ለዚህ ነው፤ ያበላሸብኝ የማገገሜን ትልቁን ደስታ ነው።

የጠረፍ መሬት ለክራንች የሚመች እንዳይመስላችሁ። ደረቅ አሸዋ ላይ ጫፉ እንደ ካስማ ይሰምጣል፤ የተደገፋችሁበት ነገር ከሥራችሁ ሲወርድ ክብደታችሁ ሳታስቡት የታመመው እግር ላይ ያርፋል። አረንጓዴ አልጌ የለበሰ እርጥብ ድንጋይ ላይ የሞከርኩት ጎማ ሁሉ ተንሸራቷል። የሚያራምደው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው እርጥብ አሸዋ። በቅንጣቶቹ መካከል የቀረችው ጥቂት ውሃ አሸዋውን አጣብቃ ታጠነክረዋለች። በብዙ ጠረፎች ባሕሩ ከሞላበት ተመልሶ እስኪሞላ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ስለሚፈጅ፣ የመራመጃ ሰዓቴም በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄድ ነበር። መሬቱ ወደ ውሃው ስለሚያዘነብል አንዱ እግር ዝቅ ይላል፤ የታመመውን ከላይኛው በኩል አድርጎ መሄድ እንደሚቀል ተማርኩ፤ በመልስ ጉዞ ግን ሁኔታው ይገለበጣል፣ ስለዚህ መልሱን በአስፋልቱ አደርገው ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ክራንቹ መቆም የሚችልበት ያ ብቸኛ ቦታ እሱኑ የሚበላው ቦታ ነው። አንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ውሃው በቁልፉ ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦዎቹ መካከል ይቀመጣል፣ ይደርቃል፣ ጨዉን ትቶ ይሄዳል፣ በማግስቱ ሌላ ይጨመርበታል። አብሮት የመጣው ወረቀት «በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ» ይላል። ጠርጌያለሁ፣ ማታ ማታ። ቱቦዎቹን ነቅለህ ውስጡን እጠብ የሚል መስመር ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ቡቱ ሲወልቅ የቁመት ነገር መጣ። የቡቱ ሶል ወፍራም ነው፤ ጤነኛው እግሬም ከሱ ጋር እንዲስተካከል ከፍ ያለ ጫማ አድርጌ ነበር። ሁለቱም ወደ ስስ ጫማ ሲወርዱ ክራንቹም አብሮ መውረድ አለበት። ልኩ ግልጽ ነው፤ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጅ ወደ ታች ሲለቀቅ መጨበጫው የእጅ አንጓ መታጠፊያው ጋ ይደርሳል፣ ሲጨበጥ ክርን ከ15 እስከ 30 ዲግሪ ይታጠፋል። የቀኙን ተጫንኩ፣ አንገራግሮ ወረደ። የግራው ቁልፍ ግን ወደ ውስጥ አልገባም አለ። በአውራ ጣቴ፣ በበር ቁልፍ፣ በካቻቪቴ ጫፍ፤ ምንም። በቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ግጥም ብሎ ተጣብቋል።

ገና ሁለቱንም ክራንች እንድይዝ ታዝዣለሁ። አንድ ብቻ ቢፈቀድልኝ ኖሮ ደህናውን ከጤነኛው እግር ጎን ባለው እጄ ይዤ እሄድ ነበር፤ ክራንች አንድ ሲሆን የሚያዘው በዚያ ወገን ነውና። ስለዚህ ቀኙ በልኩ፣ ግራው ከልኩ በላይ ሆኖ መራመድ ጀመርኩ። የግራ ትከሻዬ ወደ ጆሮዬ ተሰቀለ፣ አንገቴ ደረቀ። ቡቱን ባወለቅኩበት፣ በየቀኑ ትንሽ ጨምሬ መሄድ በሚገባኝ ሳምንት፣ ቋጥኞቹን ከወንበር ላይ አያቸው ጀመር። ያን ሰሞን ክራንቹን ማየት አልፈልግም ነበር።

ሻጩን በሐሳቤ ስንት ጊዜ እንደተሟገትኩት። «አሉሚኒየም እኮ አይዝግም» ይለኛል። ልክ ነህ ወንድሜ፣ እንደ ብረት ቀልቶ አይዝግም። ላዩ ላይ ያለች ስስ ሽፋን ትጠብቀዋለች። ግን ጨው ያቺን ሽፋን ይበሳታል፤ ደግሞም በውስጡ የብረት ስፕሪንግ ያስገባኸው አንተ ነህ። ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች ተነካክተው ጨዋማ ውሃ ሲያገኛቸው እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚህ ጥንድ ውስጥ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። የሚወጣው ነጭ ዱቄት ደግሞ ከተበላው አሉሚኒየም የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ በሁለት ቱቦዎች መካከል ያንን ቦታ ከየት ያገኛል? ይጨናነቅና ያጣብቃቸዋል። «እንግዲያው ውድ የሆነውን የካርቦን ፋይበር ውሰድ» ይለኛል። ካርቦን ከአሉሚኒየም ጋር በጨው ውሃ ሲገናኝ አሉሚኒየሙን ይበልጥ ያስበላዋል፤ መገጣጠሚያው ከምን እንደተሠራ ሳትነግረኝ ዋጋ አትጨምርብኝ። «ለባሕር የተሠራ ነው መች አልኩ?» ይላል በመጨረሻ። አላልክም። ግን ክራንች የሚይዝ ሰው አሸዋ አይረግጥም ብሎ ማሰብ፣ የተጎዳ ሰው ቦታው ቤት ነው ከማለት አይለይም፤ ይህን አልቀበልም።

ክራንቹን ያላቀቁልኝ በዓሣ አስጋሪዎች ወደብ ጀልባ የሚጠግኑ አዛውንት ናቸው። ገና ሲያዩት ሳቁ፤ «የጀልባው ሁሉ በሽታ ይሄ ነው ልጄ» አሉኝ። በፒንሳ እንዳልነካው አስጠነቀቁኝ፤ ስስ ቱቦ ከተጨረመተ አይመለስም። ሌሊቱን በንጹህ ውሃ ዘፈዘፉት፣ ጠዋት በቀዳዳዎቹ በኩል ዘልቆ የሚገባ ዘይት ረጩበት፣ ከዚያ የላይኛውን ቱቦ ብቻ በፈላ ውሃ አሞቁትና እንዲሰፋ አደረጉ። በእንጨት ቀስ እያሉ ዙሪያውን መቱት፣ ግራና ቀኝ ወዘወዙት፣ ድንገት ተላቀቀ። ጥርሴን ነክሼ ነበር የማየው፤ አቅፌ ሳምኳቸው። ስፕሪንጉን አጽድተው ግሪስ ቀቡትና «ማታ ማታ ነቅለህ በንጹህ ውሃ እጠበው፣ ሳይደርቅ አትግጠመው» አሉኝ። ያንን ዓረፍተ ነገር አምራቹ ወረቀቱ ላይ ሊጽፈው ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ እንደተባልኩት አደረግኩ፤ ቁልፉ ተመልሶ አልተጣበቀም። ስለዚህ ወደ ጠረፍ የምትሄዱ ካላችሁ ቱቦዎቹ መካከል የፕላስቲክ ቀለበት ያለውን ምረጡ፣ ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦዎቹን ጨርሳችሁ ነቅላችሁ እዩአቸው። የጫፉን ጎማ ትርፍ ያዙ፤ አሸዋ ቶሎ ይጨርሰዋል።

ግዢውን እጸጸትበታለሁ ወይ? ትከሻዬን ባመመኝ ሰሞን ብትጠይቁኝ ኖሮ ከአምስት አንድ ኮከብም ይበዛበታል እል ነበር። አሁን ግን አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን የነፈግኩት ስለዚያ ወረቀት ነው። በርካሽ ሊገዛው የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ አልሸጥኩለትም። የተሰበረ እግር ይዞ ወደ ባሕር የሚሄድ ወዳጅ ከመጣ ግን ከነግሪሱ አውሰዋለሁ፤ መጀመሪያ ቱቦዎቹን ፊቴ ነቅሎ አጥቦ ካሳየኝ።